ከምንኩሉ እስከ ነቀምቴ፦ ተጋግዘው የጻፉ ሰዎች ታሪክ

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ተነሥቶ የአንገርን ሸለቆ አቋርጦ ወደ አባይ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የጊዳ አያና ሰው፣ በገበያውም በለቅሶውም ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበለ ሲነጋገር የሚውል በመሆኑ፣ ከሁለቱ ልሳናት ታናሹ ጽሕፈት፣ የኦሮምኛው፣ በዚህ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ማንስ ከማን ጋር ሆኖ እንደ ጀመረው ቢጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነው። ይህን የምጽፈው እኔም እዚሁ ተቀምጬ ስለምኖር ጥያቄው የራሴም ሆኖብኛል። ነገሩን ሲመረምሩት የሚገኙት፣ ከትውልድ አገራቸው በግፍ ተነቅለው በባዕድ ባሕር ዳር የተገናኙ፣ ድርሰታቸውን የሚያዝላቸው ቤተ መንግሥትም ሆነ ደመወዝ የሚቈርጥላቸው መኰንን ያልነበራቸው፣ አንዱ የጐደለውን ሌላው እየሞላለት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያረመለት፣ አንዱ ያሳተመውን ሌላው ተሸክሞ እያደረሰለት መጻሕፍት ያወጡ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ናቸው። የአብዛኞቹ መጻሕፍት የኅትመት ዓመት በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለሚታወቅ፣ የእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ ወይም «ዓ.ም.» ካላከልሁበት በቀር ዘመናቱን በዚያው አቆጣጠር አመለክታለሁ።

በኢትዮጵያ መጽሐፍ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ሆኖ የኖረበት ዘመን እምብዛም የለም። ብራናውን የሚፍቅ፣ ቀለሙን የሚበጠብጥ፣ የሚጽፍ፣ ከምንጩ ጋር እያስተያየ የሚያርም፣ ሐረጉን የሚስል ሁሉ እጁ በመጽሐፉ ውስጥ አለበት፤ በጉባኤ ቤትም የመጻሕፍት መምህራን ካለፉት ሊቃውንት የተቀበሉትን ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ለደቀ መዛሙርት ሲያወርዱ፣ ማን የትኛውን ቃል እንዳስገባ ሳይታወቅ፣ አንድምታው ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረበ ሞልቶ ተገኝቷል። ስምን የመሰወር ትሕትና ለነፍስ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ድካም አትርፎለታል፤ ከዚያም የሚከፋው፣ ብዙ የደከሙ ሰዎች ከነድካማቸው ተረስተዋል። የኦሮምኛ ጽሕፈትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ኦሮምኛን በመጽሐፍ ለማስፈር የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ራሳቸው የተጣመሩ እጆች ሥራ ነበሩ። ካርል ቱቼክ የሚባለው ጀርመናዊ ከባርነት ወጥተው ወደ አገሩ ከመጡ የኦሮሞ ወጣቶች አፍ እየሰማ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ1843 ቢሞት፣ ወንድሙ ሎሬንዝ የተጀመረውን ሥራ ፈጽሞ በ1844 አሳተመው፤ ቃሉን የሰጡት ወጣቶች ግን በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቁ ቀሩ። በዚያው ዘመን በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የተቀመጠው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ጀመረ፤ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ሥራውን ሲቀጥል ትርጉሙን ከሀገራችን እየጻፉ የላኩለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት ደብተራ ዘነብ ነበሩ። አማርኛ በማሳመር ስማቸው የሚጠራው እኒህ ሊቅ፣ ለኦሮምኛም ብርዓቸውን ያዋሉ መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ደግሞ ሩፎ የሚባል፣ ከባርነት የወጣ የኦሮሞ ልጅ፣ የደብተራ ዘነብን ትርጉም እየሰማ የሚያውቀውን ያህል ይረዳ ነበር። እንግዲህ የጎንደርና የመቅደላ ዘመን ደብተራ፣ የጀርመን አገር ሚስዮናዊና ከቤቱ የተሰረቀ ወጣት አንዱ የሌላውን ቃል እየመዘኑ የሠሩት ሥራ ከ1870 ጀምሮ በየክፍሉ ታተመ፤ ነገር ግን ተርጓሚዎቹ የቋንቋው ተወላጅና አዋቂ ከሆነ ማኅበር ጋር ተቀምጠው ስላልሠሩት፣ በወለጋ ሰው ጆሮ ሙሉ ሆኖ የሚሰማ መጽሐፍ ለማግኘት ሌላ ትውልድ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ያ ትውልድ የሚጀምረው በኢሉ አባ ቦራ፣ በሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ ከተወለደው፣ በልጅነቱ ሂካ ይባል ከነበረው ሰው ነው። ሂካ ገና ሕፃን ሳለ የባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጠ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ፤ በምጽዋ ግን ቬርነር ሙንትሲንገር የተባለው ስዊሳዊ ነጻ አውጥቶ በ1870 ከምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ትምህርት ቤት ለነበራቸው ለስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፣ በትንሣኤ በዓል ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ትምህርቱን በዚያ ከጀመረ በኋላ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐንሉንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ፤ ምሕረት ኃይሉ የተባለችውንም ሴት አገባ። ከዚህ በኋላ የምናገራቸው ሰው የበሰሉ መምህር ናቸውና በአንቱታ እጠራቸዋለሁ።

የኦኔሲሞስ ልብ በምጽዋ ባሕር ዳር አልተቀመጠም፤ ወደ ወገናቸው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው እስከ ፋማካ ከደረሱ በኋላ መንገዱ ተዘጋባቸውና በ1882 ወደ ካርቱም አፈገፈጉ፤ የመሐዲ ጦርነትም አገሩን እያናወጠ ነበርና ወደ ምንኩሉ ተመለሱ። ሁለተኛው ጊዜ በታጁራ በኩል ወጥተው እስከ እንጦጦ ቢደርሱም፣ ዐፄ ዮሐንስ የባዕድ ሚስዮንን ስለ ከለከሉ ንጉሥ ምኒልክ ተመለሱ ብለው አሰናበቷቸው፤ ይህም በ1886 ተፈጸመ። ብዙ ሰው በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። እርሳቸው ግን እግራቸው ሊደርስበት ያልቻለውን አገር ቃላቸው ቀድሞ እንዲደርስበት ወሰኑና ወደ መጻፍ ገቡ፤ በ1887ም በኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ።

ስለ ምንኩሉ ቅጥር ግቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የዚያ ቦታ ጠባይ የዚህ ታሪክ ሥር ነውና። ሚስዮኑ በ1880ዎቹ መካከል ማተሚያ አቁሞ ነበር፤ በዙሪያውም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ልዩ ልዩ ልሳን የሚናገሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ከበጌምድር የመጡት ታዬ ገብረ ማርያም፣ በኋላ አለቃ ታዬ ተብለው በሊቅነታቸው የታወቁት፣ በዚያ ተምረው በዚያ አስተምረዋል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስዋቸውም የወጣው ከዚያው ማተሚያ ነው። ተወልደ መድኅን ገብረ መድኅንና ዳዊት አማኑኤል ደግሞ የትግረን ልሳን በጽሕፈት ለማቆም ይደክሙ ነበር፤ ሥራቸውም በ1902 የትግረ አዲስ ኪዳን ሆኖ ታተመ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ አማርኛን በሰዋስው ሲመረምር፣ ሁለቱ ትግረን ሲተረጕሙ፣ ሌሎቹ ኦሮምኛን ሲያጠኑ፣ ለሁሉም የሚያገለግለው አንዱ የግእዝ ፊደል ነበር። ደራስያን እርስ በርሳቸው የሚረዳዱት በምን ዓይነት ቦታ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሀገራችን ታሪክ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ማተሚያው በአጠገብ፣ መምህሩ በአጠገብ፣ ጽሑፉን የሚሰማው ሰውም በአጠገብ ነበረ።

ይሁን እንጂ ኦኔሲሞስ አንድ ታላቅ ችግር ነበረባቸው። ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁት በሕፃንነታቸው ስለ ሆነ፣ ያደጉትም በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በስዊድንኛ መካከል ስለ ሆነ፣ የእርሻውን፣ የከብቱን፣ የሠርጉን፣ የሽማግሌውን ሸንጎ፣ የአዝመራውንና የደዌውን ቃል ሁሉ በኦሮምኛ አሟልተው ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ሕፃን የሚያውቀው የቤቱን ቃል ነው፤ ነቢያትንና መዝሙረ ዳዊትን፣ ሕገ ሙሴንና የነገሥታትን ታሪክ ለመተርጐም ግን የአንድ ሕዝብ ሙሉ አንደበት ያስፈልጋል። ይህን የጐደላቸውን ነገር ያወቁ መሆናቸው፣ አውቀውም ከራሳቸው ያነሰ ትምህርት ከነበራቸው ሰዎች ዘንድ ለመማር ያልታበዩ መሆናቸው፣ እንደ እኔ ፍርድ ከትርጕም ችሎታቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። በስዊድን አገር አምስት ዓመት የተማሩ መምህር፣ ትናንት ከባሪያ መርከብ ከወረዱ ልጃገረዶች አፍ ቃል ለመልቀም ተቀመጡ።

ከልጃገረዶቹ አንዷ አስቴር ገኖ ነበረች። በነጻነት ተወልዳ የሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት የያዛት፣ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ተጭና ስትሻገር በ1886 የጣልያን መርከብ ጀልባውን ይዞ ያስጣላት ይህች ልጅ፣ ከሌሎች ነጻ ከወጡ ልጆች ጋር ወደ ምንኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። አስቴር ከአገሯ የወጣችው ከኦኔሲሞስ ይልቅ በዕድሜ ከፍ ብላ ስለ ነበር ቋንቋዋ ከነለዛው፣ ከነተረቱና ከነዜማው በአንደበቷ ላይ ነበረ፤ ኦኔሲሞስም ልዩ የአእምሮ ስጦታ ያላት፣ ለኦሮምኛም ጥልቅ ስሜት ያላት መሆኗን ወዲያው አስተዋሉ። ያስተዋሉትንም በምስጋና ብቻ አላለፉትም፤ ሥራ ሰጧት። ከሥራውም ታናሹን አልሰጧትም፤ የሁሉ መሠረት የሚሆነውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታጠናቅር አደረጉ። ከዚህ ወዲህ አስቴርንም በአንቱታ እጠራቸዋለሁ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። መዝገበ ቃላት የሌለው ቋንቋ ተርጓሚ፣ አንድ ቃል በጠፋው ቁጥር ሥራውን አቁሞ ሰው ፍለጋ መሄድ አለበት፤ ያገኘው ሰው የሌላ አውራጃ ተወላጅ ቢሆን ደግሞ የተሰጠው ቃል ለቀሪው ሕዝብ እንግዳ ይሆንበታል። አስቴር ያሰባሰቡት ቃል ወደ 15,000 እንደሚደርስ ይነገራል። እያንዳንዱ ቃል ከነፍቺው በወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ ኦኔሲሞስ ለትርጉማቸው ከአንዱ ቃል ይልቅ ሌላውን መምረጥ፣ የተመረጠውንም ለማኅበሩ አንብበው ማስፈተን ቻሉ፤ የአዲስ ኪዳኑም ረቂቅ በዚህ የቃላት ስብስብ እየተቃና ቆይቶ በ1893 በምንኩሉ ታተመ። ከአስቴር ሌላ ሊዲያ ዲምቦና ሌሎችም ነጻ የወጡ የኦሮሞ ተወላጆች በዚህ ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ ከተለያየ አውራጃ የመጡ በመሆናቸውም የአንዱን ንግግር ሌላው ይመዝነው ነበር። ባርነት ከየቤታቸው ነቅሎ የበተናቸው ልጆች በአንድ ባሕር ዳር ተሰብስበው የአገራቸውን ቋንቋ ከየአፋቸው መልሰው አንድ አደረጉት፤ ፈንጋዮቹ ይህን አላሰቡትም ነበር።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1894፣ ለጀማሪ አንባቢዎች የሚሆን «ጀልቀበ በርሲሳ» የተባለ መጽሐፍ ወጣ፤ የትምህርት መጀመሪያ ማለት ነው። የመጽሐፉ ክብር የፊደል ማስተማሪያ በመሆኑ ብቻ አያበቃም። አስቴር ከራሳቸው ትዝታና ከባልንጀሮቻቸው አፍ እየለቀሙ ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጽፈው ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዚህ መጽሐፍ ገቡ። ልጁ ፊደል ሲቈጥር የሚያነበው የባዕድ ታሪክ ሳይሆን አያቱ በምሽት እሳት ዳር የሚነግሩት ተረት ሆነ። ኦኔሲሞስ መንፈሳዊ ሰው ነበሩ፤ ዓላማቸውም ቃለ እግዚአብሔርን ማድረስ ነበር፤ ነገር ግን የሥራ ባልደረባቸው የሰበሰቡትን ዓለማዊ ተረት ንቀው አልጣሉትም፤ ማተሚያው በእጃቸው ሳለ ቦታ ሰጡት። አንዱ ደራሲ ለሌላው ሊያደርግለት ከሚችለው ውለታ ሁሉ ይህ የሚያንስ አይመስለኝም። ሁለቱ በኋላም አንድ መቶ መዝሙር የያዘ የመዝሙር መጽሐፍ አብረው አዘጋጅተዋል፤ የዶክተር ባርት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚባለውንም መጽሐፍ አስቴር ተርጕመውታል።

የታላቁ ሥራ ፍጻሜ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የምንኩሉ ማተሚያ ለዚህ ስላልበቃ ረቂቁ ወደ ስዊስ፣ ቀድሞ የደብተራ ዘነብ ትርጉም ወደ ታተመበት ወደ ቅዱስ ክሪሾና ተላከ፤ ኦኔሲሞስም ራሳቸው ባሕር ተሻግረው ሄደው ኅትመቱን ተከታተሉ። በግእዝ ፊደል የተጻፈው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ተፈጸመ። ሕዝቡ ይህን መጽሐፍ ሲያነሣ የሚጠራው የኦኔሲሞስን ስም ነው፤ የሚጠራውም በእውነት ነው። የታሪኩ ተመራማሪዎች ግን የአስቴር ድርሻ ከረዳትነት እጅግ እንደሚበልጥ፣ ከትርጉሙም ብዙው የእርሳቸው የእጅ ሥራ እንደ ሆነ ደጋግመው አስታውቀዋል። እኔም የዚህን ማኅበር ታሪክ ሳነብ ደስታዬ ሙሉ የማይሆንልኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ በሥራው ወቅት የነበረው እኩልነት በዝናው ወቅት አልተጠበቀም።

መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ካልተነበበ የማተሚያ ቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ከምጽዋ እስከ ወለጋ ያለው መንገድ ደግሞ እጅግ ሩቅ ነበር። ይህን መንገድ ከደራሲው በፊት የሄዱት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ዳበላ ነበሩ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሐማሴን ተወላጅ፣ የአፋቸው መፍቻ ትግርኛ የሆነ ካህን ነበሩ፤ ሆኖም ኦሮምኛን ተምረው፣ ከባልንጀራቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር ተጉዘው በ1898 ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ወደ ቦጂ ደረሱ፤ በዚያም ሕዝቡን በራሱ ልሳን ማስተማር ጀመሩ። የሐማሴን ሰው የኢሉ አባ ቦራ ሰው በተረጐመው መጽሐፍ የቦጂን ሕዝብ ማስተማሩ፣ የሌላውን ደራሲ ሥራ እንደ ራስ ሥራ አድርጎ ማድረስ ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያል። ኦኔሲሞስ በኋላ በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸው በምዕራቡ አገር እንግዳ አልነበሩም፤ የሚያነባቸው ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ግን የዘሩት ሲያድግ ብዙ አላዩም፤ በ1905 በቦጂ በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ሕይወታቸው አለፈ።

በዚህ ጊዜ በነቀምቴ የሌቃ ገዥ የነበሩት የሞሮዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። አባታቸው በ1882 ለንጉሥ ምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ጠብቀው ስለ ነበር፣ ልጃቸው በነቀምቴ በራሳቸው ሥልጣን የሚያስተዳድሩ፣ ትምህርትንም የሚወዱ መኰንን ሆነዋል። በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ባልንጀሮቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ነቀምቴ ሲገቡ፣ ደጃዝማቹ ተቀብለው መጠጊያ ሆኑላቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ የከሸፈው ጉዞ ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ተፈጸመ። የመጻሕፍቱ ቋንቋ በነቀምቴ ገበያ ከሚሰማው ቋንቋ ጋር ተገናኘ፤ በባሕር ዳር የተለቀመው ቃል ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰ።

ደስታው ግን ሳይውል ሳያድር ተፈተነ። የአገሩ ካህናት ትምህርቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ በተለይም በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ላይ የማይገባ ነገር ተናግረዋል የሚል ክስ በኦኔሲሞስ ላይ ቀረበ፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመው ግዞት ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ሆኖም እንዳይሰብኩ አዘዙ። የካህናቱን ሥጋት ከንቱ ነው ብዬ አላቃልለውም፤ ሃይማኖታቸውን መጠበቅ ግዴታቸው ነበርና። ነገር ግን ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ከፍርዱ በኋላ የሆነው ነው። አንደበታቸው ከስብከት በታገደባቸው ዓመታት ፊደል ማስተማር አልተከለከሉም ነበርና፣ ያ ማኅበር በትምህርት ቤቱ ጸንቶ ቆየ፤ አስቴርና ሊዲያም ሥራውን አልተዉትም፤ ልጆች በ1894ቱ መጽሐፍ አስቴር የጻፏቸውን ተረቶች እያነበቡ አደጉ። በ1916 ከልጅ ኢያሱ ዘንድ የመስበክ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ትምህርት ቤቱ የነበረው በዚህ ሁኔታ ነው። አንዱ ደራሲ ዝም እንዲል ሲፈረድበት ሌሎቹ ቃሉን ይዘው መቆየታቸው ያ ሥራ በአንድ ሰው እስትንፋስ ብቻ እንዳልተንጠለጠለ ያስረዳል።

በዚህ መካከል በአዲስ አበባም ደራስያን እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ሌላ መንገድ ተከፈተ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእኛ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ ራሳቸው ብዙ የጻፉ ሰው ሳሉ፣ የሌሎችን ድካም ለመቍጠርና ለማስታወቅ ጊዜያቸውን ሰጡ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ሲቋቋም፣ ወለጋ የወለዳቸው ብላታ ዴሬሳ አመንቴ በዓምዶቹ ላይ ከጻፉት ለአገር ዕድገት የሚቈረቈሩ ጸሐፍት አንዱ ሆኑ። ልጃቸው ይልማ ዴሬሳ የመንግሥት ሥራ ሳያግዳቸው የኢትዮጵያን የዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከወለጋ የወጣው ገጣሚ ሰሎሞን ዴሬሳም «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን በ1963 ዓ.ም. ከማሳተሙ አስቀድሞ፣ የሠዓሊውንና የባለቅኔውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራ ለአንባቢ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማውጣቱ ሊታወስለት ይገባል፤ በራሱ ስም ከመቆሙ በፊት ለባልንጀራው ምስክር ሆነ።

ከባሕር ማዶም በ1922 ኤንሪኮ ቼሩሊ የኦሮሞን ሥነ ቃል የያዘ ታላቅ ስብስብ በአሜሪካ ሲያሳትም፣ ቃሉን የሰጡት የኦሮሞ ተወላጅ ሎራንሲዮስ ወልደ ኢየሱስ መሆናቸውን በስም ጠቅሷል። በ1844 የቱቼክን መዝገበ ቃላት የሞሉት ወጣቶች ካገኙት ዕጣ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ሕዝቡ አባ ገመቺስ ብሎ የሚጠራቸው፣ በ1923 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን በነቀምቴ ዐረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጣልያን ጦርነት መጣ፤ ከጦርነቱም በኋላ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስለ ተደነገገ፣ በኦሮምኛ መጻፍና ማሳተም ለረጅም ዘመን ተዳከመ፤ የምንኩሉ መጻሕፍት ግን በየቤቱ፣ በየጸሎቱ ቦታ እየተነበቡ ቆዩ። አስቴር ከመምህራቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው በ1964 ዐረፉ። በወጣትነታቸው ከጻፉት ሥነ ቃል ሳይታተም የቀረው ብዙ ነው፤ በምንኩሉ አብሯቸው የሠራው የስዊድናዊው የኒልስ ሂላንደር ቤተ ሰብ ጠብቆ አቆይቶታል።

በቄለም፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን ደግሞ የሕይወታቸውን ታሪክ ለሚጽፉላቸው ሰዎች በቃል ነግረው፣ መጽሐፉ በ1972 በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ወጣ። ማየት ያልቻሉት ሰው የሌሎችን እጅ ተውሰው ደራሲ ሆኑ። ልጃቸው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ርእሰ ብሔር የሆኑት ነጋሶ ጊዳዳ፣ የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ አጥንተው የዶክትሬት ድርሰታቸውን በዚያ ላይ ጽፈዋል።

በ1975 በሪሳ የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በግእዝ ፊደል መታተም ጀመረ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም ኦሮምኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በ1991 ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ግን ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ በወለጋ ትምህርት ቤቶች ያደገው ትውልድ በቋንቋው ብዙ መጻሕፍት አግኝቷል። ከዚህ ውሳኔ ጋር የመጣ አንድ ችግር ግን አለ፤ የ1893ቱ፣ የ1894ቱና የ1899ኙ መጻሕፍት በግእዝ ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው፣ ቋንቋው የራሱ የሆነው የነቀምቴ ወይም የጊምቢ ወጣት አንሥቶ በቀላሉ ሊያነባቸው አይችልም፤ ፊደሉን የሚያነበው የአማርኛ ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን አያውቀውም። በጊዳ አያና ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ለእኛ ለዚህ አገር ጸሐፍት የተሰጠ ልዩ ዕድል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የሚቀረው ሥራ ግልጥ ነው። የአስቴርን ያልታተመ ስብስብ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። የድሮውን የእጅ ጽሕፈት የሚያነብ፣ የሊሙንና የጅማን አካባቢ የቀድሞ ቃል የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ወደ ዛሬው ፊደል የሚገለብጥ፣ ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ረቂቁን የሚያርም፣ የማተሚያውን ወጪ የሚያዋጣ፣ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ባሉት ከተሞች መጽሐፉን ተሸክሞ የሚያዞር ማኅበር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሥራ ቅጂውን ከስዊድን ማስመጣት ነው፤ መጽሐፉ በሚወጣበትም ጊዜ በሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ስም የአስቴር ገኖ ይሁን።